ላስቲኩ ሲነሳ

አባ ዱራ አባቴ ቪትዟን ገዝቶ እንደመጣ፣
ገና ሞተሯ ሳይበርድ፣ ጎረቤት መርቆ ሳይወጣ፣
ላስቲክ ከሂርማታ፣ ፕላስተር ከዲኖ ሱቅ፣
ወንበሩን ጠቀለለው፤ «ጨርቅ ያው ጨርቅ ነው፣ ጨርቅ
እድፍ ይጠራል» ብሎ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ
ከአጂፕ እስከ ቆጪ፣ ዘመድ ጎረቤት ሁሉ
ላብ እያጠመቀው ላዩ ላይ ተንሸራተተ፤
ጨርቁ ግን ጣት ሳይነካው፣ ቀን ሳያይ ሰነበተ።

ብስኩት አይቆረስ፣ ሙዝ እዚያ አይላጥ፣
ዝናብ የመታው ሰው ያለ ጆንያ አይቀመጥ።
እኅቴ ሙንተሃ የተዳረች ለታ
የቬሎዋ ኮሽታ ከላስቲኩ ኮሽታ
ተደባለቀብን፤ ሙሽራዋ ናት ወንበሩ ብለን ሳቅን።
አባባ አልሳቀም።
በመስታወቱ አየን፣ አቀረቀርን።

ሐምሌ ላይ አረፈ። ጥቅምት ላይ ሙንተሃ
እጅጌዋን ሰብስባ፣ ባልዲ ሙሉ ውሃ
ይዛ መጣች አንድ ጧት። ከጠርዙ ጀምራ
ተርተር አድርጋ ገፈፈችው፣ እስከ ኋላው ተራ።

ከሥሩ ለጋ ጨርቅ፣ ገና የፋብሪካ ሽታ ያለው፣
እንግዳ የሚጠበቅበት፣ ሰው ያልገባው ሳሎን የመሰለው፤
ዙሪያውን ግን ጥቁር መስመር፣ ሙጫ፣ እጅ ይዞ የማይለቅ፣
ፕላስተሩ ዓመት ባመት ሟሙቶ በጅማ ወበቅ
ከክሩ ውስጥ ሰርጎ፣ አቧራ ለቅሞ፣ ፀጉር ለቅሞ፣
ከእድፍ ሊጠብቅ ዘብ የቆመው፣ ራሱ እድፍ ሆኖ፣ ከርሞ።

በፍል ውሃና በኦሞ ፈተግነው። ባሰበት።
መስመር የነበረው ሰፋ፣ ሰፌድ አከለ በአንድ ሰዓት።

መናኸሪያ ሄድኩኝ፣ ወንበር ሰፊው አዳሎ ዘንድ፤
መርፌውን ከአፉ አወጣና፣ «ሙጫና ሰው» አለኝ፣ «አንድ፤
ሲሞቀው ያቅፋል፣ ሲበርደው ይለቃል።
በረዶ አስነክሰው፤ ታገሠው፤ ደርቆ ይሰነጠቃል።
የቀረውን በአልኮል፣ በነጭ ጨርቅ፣ ጫን ጫን፣ እንዳታሸው፤
ደግሞ መጀመሪያ በማይታይ ጥግ ሞክረህ እየው።»

እኔ ግን ቸኮልኩና ቤንዚን ነው የሞከርኩት፤
ከሾፌሩ ወንበር ግርጌ፣ ሳንቲም በምታህል ቦታ፣ ጠብ አደረግኩት፤
ቀለሙን በላው። ነጭ ዓይን አወጣ። ዝም አልኩ፣
ለሙንተሃም አልነገርኩ፣ ምንጣፍ ጎትቼ ሸፈንኩ።

አጂፕ ካለው ጭማቂ ቤት በረዶ ገዝተን በፌስታል
ጫንንበት። ሙጫው ደነዘዘ፣ ጠጠረ፣ ቀጭ ቀጭ ይላል።
መፋቂያ አጣን። ዳሽቦርዱን ስንበረብር የወጣው
ጊዜው ያለፈ መንጃ ፈቃዱ፤ ፎቶው ያው፣ ያው ቁጣው፤
በእሱው ጠርዝ ፋቅን። የራሱን ፕላስተር፣ በራሱ ፊት።
ሙንተሃ ፋቀች፣ ፋቀች፣ ድንገት ቆመች፤ አየኋት፤
«ይኼን ሲያሽግ» አለች፣
«እኔ ነበርኩ መቀሱን የያዝኩለት።»

ከዚያ አልኮል። ጫን፣ አንሳ። ጫን፣ አንሳ። ነጩ ጨርቅ ሻይ መሰለ፤
ሳሙና፣ ለብ ያለ ውሃ፤ መስመሩ ሳሳ፣ ኮበለለ፤
በግራው በር በኩል ግን አንድ ስንዝር እንደያዘ ቀረ፤
ሦስት ጊዜ ሞከርን። ተውነው። ቀኑም ደመና ቋጠረ።

አሥር ሰዓት ላይ ዝናቡ ሲወርድ፣ የጎረቤት ልጅ ረምላ
ሙዟን እንደላጠች ደረሰች፣ ሹራቧ ቢጨመቅ ባልዲ የሚሞላ።
ሙንተሃ እጇን ሰደደች፣ ጆንያ ፍለጋ፣ በልማድ፤
ጆንያው የለም። ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ ትንቀጠቀጣለች በብርድ።

«ግቢ» አለቻት።
ገባች። ውሃው ጨርቁ ውስጥ ሰረገ፤
ሙዟን ገምጣ ሳቀች። ማንም አልጠረገ።