ሮዳጅ

ዜሊግ ሞተሩን ያመጣው በበግ መጫኛ ተጎታች ነው፣
እንደ ታመመች ላም በገመድ አስሮ፣ በኬሻ ሸፍኖ።
የእንግሊዝ ሥሪት ነው፤ አንድ ሲሊንደር፣ ታንኩ ዝገት የነካው።
«ሠላሳ ዓመት ደብዳቤ አድዬበታለሁ፣» አለኝ፣
«ሸለቆውን ከዳር እስከ ዳር፣ በጭቃም በሐሩርም።
አሁን ዳገት ሲያይ ያስለዋል።
ዕድሜውን ተውለት፤ ሳሉን ብቻ አውጣልኝ።»

አፉላ ነን፤ ወሩ ነሐሴ።
የጋራዡ ቆርቆሮ ይንጣጣል፣
ማራገቢያው ያንኑ አንድ ትኩስ አየር ያመላልሳል።
ቴስታታውን ፈታሁ፤ ብሎኖቹ እየተነጫነጩ ወጡ።
ጥላሸቱን በቤንዚን አጥቤ
ሲሊንደሩ ውስጥ መለኪያ አወረድኩ።
ታቹ ልክ ነው። ወደ ላይ ስወጣ
በአንድ ጎን ተበልቷል፦
ፒስተኑ በተገፋ ቁጥር የሚደገፍበት፣
የሚሸከመው ጎን።
ክቡ እንቁላል ሆኗል፤
የሚሊሜትር መቶኛ፣ ዐሥራ አራት እጅ፤
ዐይን የማያየው፣ ዳገት የሚያውቀው።

አባቴ አጣናው ቢሆን መለኪያ ምን ሊያደርግለት?
በአውራ ጣቱ ጥፍር ዳስሶ «እዚህ ጋ» ነበር የሚለው።
በሰቀልት፣ ወናፉ አጠገብ፣
ቀን ማረሻ አሸክመው ልጃቸውን ይሰዳሉ፣
ጀምበር ስታዘቀዝቅ በዚያው ደጅ ሲያልፉ ይተፋሉ፤
አዝመራው ሲያምር፣ ማረሻው የእነሱ፣
ላም ስትነጥፍ፣ ዐይኑ የእሱ።
«ባለእጅ» ይሉታል፣ እጅ እንደሌላቸው።
«የተበላ ብረት አይሰደብም፤ ሠርቶ ነው፣» ይል ነበር፣
ለብረቱ ይሁን ለራሱ።

የተበላን ብረት ሞልቶ የሚያድነው ማን ነው?
የዚህ ሙያ ጉዱ፣ መድኃኒቱ መቀነስ ነው፤
ደህናውንም ጎን ከታመመው ጋር ትፍቃለህ፣
ዙሪያውን፣ በእኩል፣ እስኪከብ ታሰፋለህ፤
ለሰፋ ቤት ደግሞ ሰፋ ያለ እንግዳ ትፈልጋለህ።
እንግዳው ፒስተን ከሃይፋ መጣ፣
ከአንድ ሽማግሌ ጓዳ፣ በሩሲያ ጋዜጣ ተጠቅልሎ።
የቢየላውን ቦኮላ እኔው ከነሐስ ቆርጬ
ቶርኖ ላይ አወጣሁት፤
ቅርፊቱ ወርቅ መስሎ ጫማዬ ላይ ረገፈ።
ጠረግኩት።

ኤላድ ከወታደር ቤት ለሁለት ቀን መጥቶ ነበር።
ፋሻውን በሞረድ ሲያስተካክል
(ስሙ ፋሻ ነው እንጂ ቁስል አይሸፍንም)
«አባ፣ ጫፍና ጫፉ ለምን አይገናኝም?» አለ፣ በዕብራይስጥ።
በአማርኛ መለስኩለት፦ «ሲሞቅ ይረዝማላ!
ብርድ ሳለ ጥርቅም አድርገህ ካጋጠምከው
እሳቱ ሲመጣ መሄጃ ያጣል፤
ግድግዳውን ነክሶ ይደርቃል።»
ዝም አለ። ክፍተቱን በስስ ቆርቆሮ ለካ።
የቱን እንደ ሰማኝ አላውቅም፤
ልኩን ግን አልሳተም።

ሐሙስ ማታ፣ በሦስተኛው ርግጫ፣ ተነሣ።
ዜሊግ ጆሮውን አዘንብሎ ቆየ።
«ሳሉስ?»
«ሄዷል።»
ቅር ያለው መሰለኝ፤
ከሠላሳ ዓመት ወዳጁ ጋር እንደ ተለያየ ሰው።
«ሮዳጅ ላይ ነው፣» አልኩት፣ «አዲሱ ፒስተንና አዲሱ ግድግዳ
ገና አልተዋወቁም፤
አምስት መቶ ኪሎሜትር እስኪሞላው አታስጨንቀው።»
«ሰማንያ ሦስት ዓመቴ ነው! መቼ ልጨርሰው?»
«እኔም ከመጣሁ ሠላሳ ዓመቴ፤ ሮዳጄን መች ጨረስኩ?»
ሳቀ። ጥርሱ ውስጥም አንድ ነሐስ አየሁ።

የጊቫት ሃሞሬን ዳገት ያዘ።
ከበሩ ላይ ሆነን ሰማነው፤ አንደኛ ማርሽ፣
ሁለተኛ፤
ኩርባው ጋ ድምፁ ጠፋ፣
ደረሰ ይሁን ቆመ አልለየንም።
ጎረቤት መፍጫውን አስነሣ።
ኤላድ ግን አንገቱን እንዳዘነበለ ቀረ፣
የአውራ ጣቱን ጥፍር
በጨርቅ እየጠረገ።