አርባ አንድ ወረቀት

ካርቶኑ የብስኩት ነው፤ ክዳኑ በፕላስተር፣
አፉ በቢላ ክፍት። እኔ ነኝ የምቈጥር።
(«የባንክ ሰው ነውና እጁ ቍጥር አይስትም»
ተብዬ ነው እንጂ፣ ሌላ ሙያ የለኝም።)

የታቦር አንባቢዎች፣ አርባ አንድ አባላት፣
ሐዋሳ፣ ሐይቁ ዳር፣ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት፤
የዓመቱን ልብ ወለድ ልንሸልም ተሰብስበን፣
ለመጨረሻው ዙር የደረሱትን ሁለቱን አጋድመን።

አንደኛው የመምህር ፈለቀ ሐሜሶ ነው፤
ስድስት መቶ ገጽ፣ ጀርባው የወፈረው።
አንድ ሽማግሌ በር ላይ ተቀምጦ ያስባል፤
ያስባል፣ ይመሻል፤ ሲነጋም ያስባል።

ሁለተኛው ቀጭን ነው። ሽፋኑ ላይ ሐይቅ የለም፣
ሐይቅ የነበረበት ጕድጓድ እንጂ፣ በቀለም።
መሠለች ታንቱ ናት፣ ፓርኩ ውስጥ የምትሰፋው፣
ከኮሌታ ወደ ኮሌታ፣ በእረፍቷ የጻፈችው።
የሐዋሳ ሐይቅ በአንድ ጨለማ ሌሊት
ተነሥቶ ይሄዳል፤ ጠዋት ባዶ መሬት።
ሳጅን ዘነበወርቅ መዝገብ ትከፍታለች፣
«የጠፋው ንብረት፦ ሐይቅ። ብዛት፦ አንድ» ትላለች።
ጉማሬው ቀርቦ ይመሰክራል፣
አባ ኮዳ ይጠረጠራል።

«ይህ ምኑ ነው?» አሉ ወይዘሮ እልፍነሽ፣ መነጽር አውልቀው፣
«ወንጀል ነው ወይስ ተረት? ዘውጉስ የትኛው ነው?
ሽልማት ለቁም ነገር!»
ናትናኤል ብድግ አለ፦
«ቁም ነገር ይሉታል፣ ሰውዬው ተቀምጦ እያለ!
ስድስት ዓመት ሸለምን፤ ስድስቱም ተቀምጠዋል፦
አንዱ በር፣ አንዱ ድንጋይ፣ አንዱ አልጋ ላይ ያስባል።
አንድም ሰው አልሮጠም፣ አንድም በር አልተሰበረ፣
ማን ገደለው የሚል ጥያቄ እንኳ አልነበረ!»

ሳቅ ሆነ። ከኋላ ወንበር ተንቋቋ።
ወይዘሮ እልፍነሽ ግን ቀስ ብለው፣ ዝቅ ባለ ቋንቋ፦
«አባቴ» አሉ፣ «እንዲያ ተቀምጦ ነው የሞተው።
ዐሥራ አንድ ዓመት፣ በር ላይ። ከመምህሩ በቀር ማን ጻፈው?»

ያን ጊዜ ዝም አልን። ናትናኤልም ተቀመጠ።

ዓሣ ነጋዴው ላንቃሞ ጕሮሮውን ጠራረገ፣
(በስብሰባ ተናግሮ አያውቅም) እንዲህም አለ፦
«እኛ አሞራ ገደል ቆሮሶ ከላይ ይደረደራል፣
አምባዛ፣ ቅርፊት የለውም ተብሎ፣ ከሥር ይደበቃል።
ሲመሽ ግን ጓሮ በር የሚያንኳኳው ብዙ ነው፤
ስም አልጠራም። ሁሉም ዓሣ ውኃ ውስጥ ነው የኖረው።»

ድምፅ ሰጠን። ቈጠርኩ።
ሃያ ለመምህሩ፣
ሃያ ለመሠለች፤ እንደ ሚዛን ወርቅ ተካከሉ፣ ቀሩ።
አንዲት ወረቀት ቀረች፣ አራት ቦታ የታጠፈች።
ሳልከፍታት ዐወቅኋት፤ በገዛ ጽሕፈቴ ተጻፈች።

እውነቱን ልናገር፦
የሽማግሌውን ገጽ ዘጠና ላይ ተውኩት፣
የአውቶቡስ ትኬቴን ምልክት አድርጌ ደፋሁት።
ያንን ቀጭኑን ግን መብራት በጠፋበት
በስልኬ ባትሪ አነበብኩ፣ እስኪነጋ ሌሊት፤
ሳጅኗ ባዶው ሐይቅ መሐል ቆማ ስትጣራ
እኔም ከአልጋዬ «አቤት!» አልኩ፣ ብቻዬን፣ በፍርሃት፣ በጠራራ
ጨለማ።
ታዲያ ማን ነበር እጄን ይዞ ያጻፈኝ
«ፈለቀ ሐሜሶ» ብሎ? ምስጢር ነው፤ ማንም አላየኝ።
ክራቫት ያሰረ ሰው፣ በባንክ መስኮት የሚቀመጥ፣
ብቻውን ሲመርጥ እንኳ ሰው እያየው ነው የሚመርጥ።

«ሃያ አንድ» አልኩ። ጭብጨባ።
መምህሩ አለቀሱ።
ናትናኤል ፊርማ አሰባስባለሁ አለ፣ ደንቡን ለማስፈረሱ፤
ወይዘሮ እልፍነሽ ያንን ቀጭን መጽሐፍ፣ አየሁ፣
ቀስ አድርገው ከቦርሳቸው ከተቱ። አላየሁም አልኩ።

መሠለች አልነበረችም። የማታ ተረኛ ናት፤
ይህን ሰዓት አንገት ለሌለው ሸሚዝ ኮሌታ ትሰፋለት።

እኔ ግን ሲመሽ ወደ ውኃው ወረድኩ፣ ካርቶኑን እንዳቀፍኩ፣
አሁንም አለ እንደሆን ላይ።
ቆምኩ። ቈጠርኩ።
ሐይቅ፦ አንድ።
እንደገና ቈጠርኩ።