ነጩ ቅርፊት

ሾፌሯ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት።
መኪናችን ላንድሮቨር፣ ጭነታችን ሽንት።
ከለገሃሬ ገንደ ቆሬ፣ ከገንደ ቆሬ ሳቢያን፣
ብልቃጦቹ በበረዶ፣ እኛ በላባችን።
ልጆቹ ከኋላችን «የሽንት ሰዎች መጡ!»
እያሉ፣ እስከ ድልድዩ አቧራ እየጠጡ።
«አቦ ዶክተር፣ ወርቅ ነው ከዚህ የምታጣሪው?»
ይላል አንዱ ሽማግሌ።
እሷ ትጽፋለች፦ ስም። ዕድሜ። ሥራ።
«ትናንትና ስንት ኩባያ ውሃ ጠጡ?»

ረምላ የከዚራ ልጅ ናት። በስምንት ዓመቷ
ማንቆርቆሪያ ስትፍቅ፣ በማንኪያ፣ ለእናቷ፣
ነጩ ቅርፊት እንደ እንቁላል ልጣጭ እየተነሣ፣
«ውሃው ብረቱን እንዲህ ድንጋይ ካለበሰ፣
እኛስ ሆድ ውስጥ?» አለች።
ጆሮዋ ተቆነጠጠ፤ ነገሩ እዚያው ፈረሰ።
አልፈረሰም።
አጎቷ መሐዲ፣ የሸመንደፈር ሰው፣ ፊቱ አብጦ፣ እግሩ አብጦ፣
ወደ አዲስ አበባ በተሳፋሪ ፉርጎ ሄደ፤
በዕቃ ፉርጎ ተመለሰ።

አሥራ አንድ ዓመት
ጉድጓዱን ቀዳን፣ ቧንቧውን ቀዳን፣ የሰዉን ቀዳን።
አንድ ሌሊት፣ ማራገቢያው ሲንቋቋ፣ ወረቀት ዘረጋችልኝ።
እኔ ቁጥር አላነብም። ፊቷን አነበብኩ።
«ውሃው አይደለም» አለች። «ከደማቸው ንጹሕ ነው።»
ሌላ ሰው ቢሆን አንዷን ቁጥር ጋደል ያደርጋት ነበር፤
ማን ያያል?
እሷ ቀይ እስክሪብቶ አንሥታ፣ እንደ ተማሪ ስህተት፣
ሰረዘችው አሥራ አንዱን ዓመት።
በማግስቱ «መኪናውን አስነሣ» አለችኝ።

ግፊት ሆኖ ተገኘ። ስኳር ሆኖ ተገኘ።
ከኪዮስክ በፍሬ የሚገዛ የወገብ ክኒን፣ በየቀኑ፤
ሲሚንቶ ሲያወርድ ውሎ ጥሙን በጫት የሚያዘናጋ ጎረምሳ።
«ኩላሊት ጨዋ ነው» ትል ነበር፤ «ቢከፋው አይናገርም።
ግማሹ ሞቶ፣ ግማሹ ሥራ ይገባል።
ደቻቱን አታየውም?
ደረቅ አሸዋ፤ ልጅ ኳስ ይለጋበታል፤
ዝናቡ ግን ላይ፣ ደንገጎ፣ ከቀትር ጀምሮ ወርዷል።»

ኋላ ሁለት ማሽን መጣልን፣ ደም አጣቢ።
አንድ ሰው ለማጠብ መቶ ሃያ ሊትር ይጠጣል፣
ቧንቧው በሳምንት ሁለቴ በሚመጣበት ሰፈር።
በሦስተኛው ወር አንደኛው ቆመ። መካኒክ የለም፤ እኔ ፈታሁት።
ቱቦውን ለሁለት ሰንጥቄ አሳየኋት።
በጥፍሯ ፋቀችው። ነጭ። እንደ እንቁላል ልጣጭ።
«አንተ!» አለችው፣ እንደ ጠፋ ዘመድ፤
«ሰው ላይ ስፈልግህ፣ እዚህ ልትጠብቀኝ ኖሯል?»
ሳቀች። እንዲያ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።
ከዚያ የኩላሊት ሐኪሟ ቧንቧ ሠራተኛ ሆነች፤
የአፍዴራ ጨው በጆንያ፣ በርሜል፣ ማጣሪያ፣ እጅጌዋን ሰብስባ
ለማሽኑ ውሃ ስታለሰልስ፣
ጥርስ ላላበቀለ ልጇ እንደምታላምጥ እናት።

ትናንት ማታ ኢብሳ፣ ባጃጅ ነጂው፣ ሃያ ስድስት ዓመቱ፣
ተኝቶ ደሙ ይዞራል።
ሙቀቱ ሠላሳ ዘጠኝ። ለቀኑ የተፈቀደለት ግማሽ ሊትር ነው፤
በጠዋቱ ጨርሶታል። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል።
«አንድ ጉንጭ፣ ዶክተር። በአላህ። አንድ።»
የጡረታ ደብዳቤዋ ኪሷ ውስጥ ነው፤ አልከፈተችውም።
ከማቀዝቀዣው የበረዶ ቁራጭ፣ የጥፍር ታህል፣
ምላሱ ላይ አኖረችለት።

ያኔ ደቻቱ መጣ።
እንደ ድሮው ባቡር፣ ከሩቅ እያጓራ፣ ድንጋይ እያንከባለለ።
ከተማው ወደ ድልድዩ ሮጠ።
እኔም በመስኮት አየሁ፤ ያ ሁሉ ውሃ!
እሷ ዘወር አላለችም።
በቱቦው የሚያልፈውን ደም እያየች
«አትዋጠው» አለችው፤ «ቀስ ብሎ ይሟሟ።»