ጳጉሜ ስድስት

ሽምብጥ፣ ከሐይቁ ዳር፣ በአባቴ ቤት ግድግዳ
የዓለም ዕድሜ አለ፣ በጠመኔ ተጽፎ፣ እንደ ሱቅ ዕዳ፤
ሰባት ሺህ አምስት መቶ ዐሥራ አምስት፣
መስከረም በጠባ፣ በእጅጌው ጠርጎ፣ አንድ የሚጨምርበት።
መሪጌታ ጥዑመልሳን፣ የባሕረ ሐሳብ መምህር፣
ስለ ጾም መግቢያ ከጨረቃ ጋር የሚማከር።

እኔ ልጁ ጭቃ አነባለሁ። ግንቦት ላይ ሁለት ጀልባ አጣምረን፣
ከደቅ ወዲህ፣ ጣናን በረጅም ቱቦ ወግተን፣
እንደ ጧፍ ቀጥ ያለ ጭቃ አወጣን ከጥልቀት፤
ላዩ ለስላሳ፣ ግልገል ዓባይ ከየማሳው ጠርጎ የጫነበት፤
ታቹ ግን ደረቅ፣ ጠጣር፣ የሣር ሥር የተጠላለፈው፣
ሐይቁ ሐይቅ ሳይሆን፣ ሜዳ ሆኖ ዘመን ያሳለፈው።

ያንን ሥር ባሕር ማዶ ላክነው፤ ካርቦኑን የቆጠረ መኪና
"ዐሥራ ስድስት ሺህ ሰባት መቶ፣ ሁለት መቶ ቢበዛ ቢያንስ" አለና
ወረቀቱ ሐምሌ ደረሰኝ። አጥፌ ቦርሳዬ ከተትኩት።
ሁለት ወር፣ እራት እየበላሁ፣ ግድግዳውን እያየሁ፣ ተሸከምኩት።
እንዴት ብዬ ልንገረው?
በዕድሜ ከዓለም የሚበልጥ ሣር አገኘሁ ልበለው?

ቤተ ሙከራ ያሉት ሳቁ፤ "ተረቱን ለሽማግሌዎቹ ተይላቸው።"
ጽዋ ማኅበር ያሉት ተቆጡ፤ መኪናው ነው የሳተባቸው፣
ካርቦኑንም የጥፋት ውኃ ሳያዛባው አይቀርም።
አንዱ ደግሞ፣ ሊያስታርቀኝ፣
ያቺን የመጀመሪያዋን ቀን እንደ ላስቲክ ለጠጣት፣
ለጠጣት፣ ለጠጣት፣ እንዳትበጠስ ፈራሁላት።

ጳጉሜ ስድስት ነገርኩት፤ በአራት ዓመት አንዴ በምትተርፈው ዕለት።
ሰማዩ አባርቶ፣ ሐይቁ ጠግቦ፣ ደንገሉን እስከ ወገቡ ውጦት።
አባቴ ጠመኔውን በጣቶቹ መሃል አሽከረከረ፣
ከዚያ፣ የፈራሁትን ትቶ፣ "በአራት ግደፊው" ብሎ ጀመረ።
የባሕረ ሐሳብ ሰው እንዲህ ነው፤ ትልቁን ድርሻ ይጥላል፣
ከተረፈችው ጥሬ ዘመኑን ያውቃል።
"ገደፍኩት። ምንም አልተረፈም።"
"እንግዲያው ሣርሽ የበቀለው በሉቃስ ነው፣ ልክ እንደ ዘንድሮው።"
ሉቃስ ሳይወለድ! ከአንድ ወዲያ፣ ቁጥር ባልደረሰበት፣
አራቱ ወንጌላውያን በየተራቸው፣ አንባቢ የሌለውን ሜዳ የሚዞሩበት።
ቀልድ መሰለኝ። ፊቱን አየሁት። አልነበረም።

"ሁለት መቶ ቢበዛ ቢያንስ፣ ነው ያለው መኪናሽ?"
"አዎ አባ።"
"ልኩን ማወቁን ወደድኩለት።
የእኔ ቁጥር ጾም ሊያስገባኝ፣ ፋሲካ ሊያወጣኝ ነው የተሰጠኝ፤
የጭቃ መለኪያ ነው ብሎ ማን ነገረኝ?
ግን አዳም መነሻው ላይ ቆሟል። እሱን የት ልውሰደው?"
ምን ልመልስ? በዚያ ሁሉ ቱቦ ውስጥ
እኔም ቦታ አላዘጋጀሁለትም ለዚያ ሰው።

ቆየ። ጀልባ አለፈ፤ ሞገዱ ዘግይቶ ድንጋዩን ላሰ።
የአባቴ ድምፅ አነሰ፦
"ያኔ፣ ደቅ፣ በእግር ይኬድ ነበር?"
"በእግር።"
"ጫማ ሳይርስ?"
"ሳይርስ።"
ወንድሙ ገላውዴዎስ፣ በሃያ ዓመቱ፣ በዓል ሊያነግሥ ወደ ደቅ ወጥቶ፣
የተመለሰው ታንኳው ነው፣ ባዶውን፣ ውኃ ጠጥቶ።

በማግስቱ ግድግዳው ላይ ሰባት ሺህ አምስት መቶ ዐሥራ ስድስት፣
እንደ ወትሮው ደማቅ፣ እጅ ያልተንቀጠቀጠበት።
ከሥሩ ግን፣ በቀጫጭን ፊደል፣ "ቢበዛ ቢያንስ" ብሎ ጽፎ
መልሶ በእጅጌው አጥፍቶታል።
ጠመኔ መቼም ጨርሶ አይጠፋ፤
በመስኮቱ፣ ከሐይቁ በኩል፣ ብርሃን በጎን ሲገባ
ይነበባል።