ገራባ

ባቲ፣ በኛ ሰፈር፣ ገራባ የፍየል ነው።
ለጋውን ቃሚው ጉንጩ ሥር ሲወትፈው፣
አንገቱ የጠና፣ ፊቱ የሻከረ፣
ከምንጣፉ ጫፍ ላይ ተጠርጎ የቀረ
ለፍየል ይጣላል፤ ፍየልም ትቅማለች፤
ማታ አጥር ዘላ ሰው ጓሮ ታድራለች።

እዚህ ሙሐረቅ ግን፣ ከሦስተኛ ፎቅ ላይ፣
ቁም ሣጥን ውስጥ በርቶ ወይን ጠጅ ፀሐይ፣
የቤቱ ልጅ ፈዋዝ፣ ጢሙ ገና ያልበቀለ፣
"የትምህርት ቤት ሥራ ነው፣ አትንኪው" እያለ
ሰባት ወር አጠጣ በመድኃኒት ጠርሙስ።
እኔ አቧራ እንጂ ምሥጢር አልዳብስ።
ሽታ ግን ሐሜት ነው፤ በር ቢቆልፉበት፣
በሥሩ ይሾልካል፣ ጓዳ እስኪገባበት።

አርብ ከሰዓት በኋላ፣ ማዳም ስትወጣ፣
ጥቁር ፌስታል ይዞ ኩሽና መጣ።
ለጋውን ለራሱ ለይቶ አስቀርቷል፤
የቀረው ይኸው ነው፦ ዘንግ፣ ቁርጥራጭ፣
የመቀስ ልቃሚ፣ ጣት ላይ የሚጣበቅ።
"መጣል ኃጢአት ነው" አለ። ሃይማኖቱ ያኔ ትዝ አለው።
ስልኩን እያየ፣ "ቅቤ ይጠጣዋል፤ ብስኩት ይወጣዋል" አለ፤
"እናንተ ደግሞ ቅቤ ታውቃላችሁ።"

አዎ፣ እናውቃለን።
በኮሰረት፣ በኮረሪማ፣ በአብሽ ነው የምናውቀው፤
በእስራት ቅመም አንጥረን አናውቅም።
ፖሊስ ቢመጣ ሽታው የማን ጣት ላይ ነው?
የሱ አባት ቢደውል የሚያነሳለት አለው፤
የኔ አባት ስልኩ ካርድ የለው።
ፓስፖርቴ ማዳም ዘንድ፤ በሱም ላይ ዘይነብ ነኝ፤
ትርንጎን ደላላው ኮምቦልቻ አስቀራት፣ "ላንቺ አትሆንም" ብሎኝ።
ዘይነብ ብትታሰር፣
ትርንጎን ማን ብሎ፣ ማን ይጠይቃታል?

ሠራሁት። እምቢታም እዚህ ቤት ወንጀል ነው።
ቴምር ጠቀጠቅኩ፣ ሄል ደቆስኩበት፣ ሽታውን ቢያፍነው፤
ሃያ አራት ቆጥሬ፣ ትሪውን ሸፍኜ፣
ልብስ ላሰጣ ወጣሁ ጣራ ላይ፣ አምኜ።

ኡም ራሺድ፣ የማዳም እናት፣
አራት ዓመት ሙሉ በጭብጨባ ስትጠራኝ የኖረች፣
ስኳር የከለከሏት፣ ስኳር የምትሰርቅ፣
ወንበሯን በእጇ እያሽከረከረች ጓዳ ገባች።
ስመለስ ሃያ ሁለት ነው።

ከመግሪብ በኋላ ሳሎኑ ሳቀ።
ቴሌቪዥን መሰለኝ።
እሷ ናት፤ መጋረጃው ላይ ያሉትን አበቦች
"ቀስ በሉ፣ ቀስ በሉ፣ ሁላችሁም ትደርሳላችሁ" ትላለች።
ከዚያ ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ።
"ስምሽ ማነው?"
"ዘይነብ።"
"እሱማ የወረቀት። እናትሽ ያወጣችው?"
"ትርንጎ። ፍሬ ነው፣ እንደ ሎሚ፣ ግን ትልቅ።"
"ትሩንጅ!" አለች፤ እጄን ያዘች፤
"አባቴ ግቢ ነበረን፣ ምንጩ ሳይደርቅ፣
ባሕሩ በአፈር ሳይደፈን።
እናንተስ፣ ውስጡን ትታችሁ ልጡን ነው የምትበሉ?"
"ልጡን ነው" አልኩ።
"ልጡን ነው" አለች፤ አለቀሰች፤ ደግሞ ሳቀች።

ፈዋዝ በሩ ላይ ኖራ መስሎ ቆሟል፦
"ስንት በላች?"
"ሁለት።"
"ለማንም እንዳትነግሪ።"
ሌሊቱን ካልጋዋ ሥር ትንፋሿን ስቆጥር አደርኩ፤
አንዱ ሲዘገይ የኔም አብሮ ይዘገያል።
ሱብሒ ሲጠራ ሃያ ሁለቱን ሽንት ቤት ሸኘሁ፤
አንዷ ተንሳፋ ሦስቴ ተመለሰች፣ እንደ ደላላ።
"ጣልሽው?" አለኝ ልጁ፣ ሟሽሾ።
"ፍየል የለንማ።"

ጧት፣ እጄን በሎሚ እየፈተግኩ፣
ጭብጨባ ሰማሁ። ዝም አልኩ።
"ዘይነብ!" ዝም አልኩ።
ከዚያ ቆይቶ፣ ትራስ ሥር መነጽር እንደሚፈለግ፣
"ት..." አለች፤
ቀሪው አልመጣላትም።

እጄን አደረቅኩ፤ ሄድኩ።