ክፍት ቦታውን ይሙሉ

ጅረቱ ሞላ በሌሊት፣ በሐምሌ ማብቂያ፤
ሽሹ የሚል አልነበረም፣ አልነበረም ማንቂያ።
ካርዌል ትባላለች፤ ኬንታኪ፣ በሁለት ተራራ መሐል የተሸጎጠች፣
የከሰሉ ጉድጓድ ሲዘጋ ግማሽ ሰው አጥታ በግማሹ የቀረች።

የእኔ ልብስ ማጠቢያ ቤት ከድልድዩ ማዶ ነበረ፤
ማጠቢያዎቼን ራሳቸውን ውሃው ሲያጥባቸው አደረ።
በማግስቱ በሩን ገፍቼ ስገባ በየሆዳቸው ደለል፣
በሰባተኛው ውስጥ ደግሞ አንድ የሕፃን ጫማ፣
የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ ያልታወቀ።

የኦፓል ቤት ግን አልታጠበም፤ ተነቅሎ ሄደ።
ደረጃው ብቻ ቀረ፤
ሦስት እርከን፣ የትም የማያደርስ።
ኦፓልም ከቤቷ ጋር ሄደች።

በጥቅምት ከአውራጃው የድጋፍ ፈንድ ወረቀት ደረሰን፤
እስከ አምስት ሺህ ዶላር፣ ሥራውን ራሳችን ከመራነው፣ ሊሰጠን።
አሥራ ሁለት ገጽ፤ በየገጹ ራስጌ ያው አንድ ትእዛዝ፦
ክፍት ቦታውን ይሙሉ።
በእኔ ቋንቋ ወንዝም ይሞላል፣ ፎርምም ይሞላል፤
አንድ ግሥ ሁለቱን ያዝላል።
ለጎረቤቶቼ ላስረዳ ብዬ ተውኩት፤
ቀልድ ሲተረጎም ይበርዳል።

በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ሰባት ሆነን ተቀመጥን፤
የውሃው መስመር ግድግዳው ላይ ከራሳችን በላይ ነበር።
ቨርና ደወል አለች፤
ከተዘጋው ትምህርት ቤት አውርደን ድልድዩ ላይ የምንሰቅለው።
ወጣቱ ኮልተን መለኪያ አለ፤
በቀይና በነጭ የተቀባ እንጨት፣ ውሃው መሐል የምንተክለው።
የኦፓል ወንድም ዴልበርት ቆብ ቆቡን ሲያይ ቆየና
«አግዳሚ ወንበር» አለ።
«የት?»
«ከደረጃው ጎን።»

ሒሳብ ያውቃል ብለው ብዕሩን ለእኔ ሰጡኝ።
መመሪያው ግልጽ ነው፦ ለመታሰቢያ ገንዘብ የለም።
ለእንባ አንቀጽ፣ ለሐዘን የበጀት መደብ የለም።
ጥቂት አሰብኩና
«የውሃ ከፍታ መመልከቻ ጣቢያ፣ ከነመቀመጫው» ብዬ ጻፍኩት፤
ውሸት አይደለም፣ እውነቱን ተኩሼ አለበስኩት።

አምስት ሺህ ጠየቅን፤ ሁለት ሺህ አንድ መቶ ሰጡን።
ለሰንሰለት፣ ለቀለም፣ ለብሎን፣ ለሲሚንቶ።
የጎደለውን እኛው ሞላን፤
ቨርና የአፕል ፓይ ሸጠች፣
ኮልተን የአባቱን መበየጃ ሳያስፈቅድ አመጣ፣
እኔ አንድ ማድረቂያ ሸጥኩ፣ የሚሠራውን።
ወንበሩን ዴልበርት ብቻውን ሠራው፣
ጎርፉ ከኦፓል ደጅ ከጣለው ግንድ።
ማንም አላገዘውም፤ ማንም እንዲያግዘው አልፈለገም።

በመጋቢት ዘጠኝ ቀን ዘነበ።
በዘጠነኛው ሌሊት ጅረቱ ተነሣ።
ዴልበርት ድሮም እንቅልፍ የለውም፤ ከዚያው ወንበር ላይ ነበር፣
ባትሪውን እንጨቱ ላይ እያበራ።
ውሃው ሦስተኛውን ቀይ ሲነካ
ሄዶ ደወሉን ደወለ፤
ከሃያ ዓመት ወዲህ የመጀመሪያ ትምህርት ሰዓት።
በካልሲ ወጣን፣ በፒጃማ፣
አንዷ ድመቷን በትራስ ልብስ ቋጥራ።
ውሃው ደጄን አንኳኩቶ፣ ማሽኖቼን እግራቸውን ብቻ አርሶ፣
ቤት እንደ ተሳሳተ እንግዳ ሄደ ተመልሶ።

አሁን የማጠቃለያው ሪፖርት ፊቴ ተዘርግቷል።
ስንት ሰው ተጠቀመ? በቁጥር ይግለጹ።
ሰማንያ ሦስት፤ አንድ ድመት።
ወጪው ከዕቅዱ ጋር ይጣጣማል? ይጣጣማል።
ያልተሳካ ነገር ካለ፣ ክፍት ቦታውን ይሙሉ።

በመስኮቱ ደረጃው ይታየኛል፤
ሦስት እርከን፣ ከላዩ ሰማይ፤ ከጎኑ አንድ ሽማግሌ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ።
ሳልሞላው ፈረምኩ።