የንፋስ መዝገብ

ደቅ ደሴት ላይ ንፋስ ዘመድ የለው፣ ባዳ፣
ከሰዓት ይመጣል፣ እንደ ከረመ ዕዳ።
ጠዋት ጣና ዝም ይላል፣ እንደ ተነጠፈ ቁርበት፣
ዘጠኝ ሰዓት ሲል ይነሣል፣ ሙግት እንዳለበት።

አባቴ ቢምረው፣ ሁለት ስልቻ በቆሎ ጭኖ፣
ቁንዝላ ሊያስፈጭ ወጣ፣ ደሴቱ ወፍጮ አልባ ሆኖ።
ታንኳው በሦስተኛው ቀን መጣ፣ ደንገሉ ተበትኖ።
ስልቻው አልመጣም።
እሱም።

እናቴ ንፋስ ሲነሣ በር ትዘጋ ነበር፣ ዓመት ከዓመት፤
«ከደመኛ ጋር» ትላለች «ጥሬ አይቆረጠምም በአንድ ቤት።»

በሞተር ጀልባ መጡ፣ ኮፍያ ያደረጉ ሰዎች፣
ንፋሳችንን ለኩ፣ በሚሽከረከሩ ጽዋዎች።
«ምሰሶው የኛ ይሆናል፤ መብራቱን እንሸጥላችኋለን፤
ሃያ ዓመት ብቻ ፈርሙ፤ ጉብታውን እንከራያለን።»
አንማው ታንኳ ሠሪው፣ ደንገል በጥርሱ እንደያዘ፣
ቀና ሳይል ጠየቀ፣ ድምፁ እንደ ውሃ ቀዘቀዘ፦
«የሞትንበትን ንፋስ ነው፣ መልሳችሁ የምትሸጡልን?»
ጀልባዋ ተመለሰች።
እኛን ግን እንቅልፍ እምቢ አለን።

«ስድስተኛ ክፍል ደርሳለች» ተብዬ፣ እኔ ተመረጥኩ፤
ሰማያዊ ደብተር ገዝቼ፣ የባለ ድርሻ ስም አሰፈርኩ።
ጥሩአይነት፣ አንድ ጠቦት።
ይኸነው፣ ሁለት ኩንታል ጌሾ፣ ገና ያልደረቀ።
ስሜ አይጻፍ ያሉ መነኩሴ፣ የአንድ ዛፍ ማንጎ።
አንማው ብር የለውም፤ ሦስት ታንኳ ሠርቶ ሊሸጥ።
ሰካራሙ ስማቸው፣ የአንድ ወር አለመጠጣት።
(ሳቅን። ጻፍኩት። ከፈለ።)

እናቴ ዘንድ ስደርስ እስክሪብቶዬ ቆመ።
«ጻፊ እንጂ» አለችኝ፣ «ያባትሽን ስልቻ፤
ሁለት ስልቻ በቆሎ። ንፋሱ ይመልስ፣ እሱን ብቻ።»

ክንፉ በሁለት ጀልባ ተጋድሞ መጣ፣ እንደ ታመመ ሰው፤
መካኒኩ ልጅ፣ ከባሕር ዳር፣ ጉብታው ላይ ሊያቆመው፤
«እዚያ ሾላው ንፋሱን ያስነክሰዋል» አንማው አለው።
አርባ ዓመት በጉንጩ ለክቶታል፤
ባመለከተበት ቆመ።
ሁለት ጊዜ ተሰበረ። አንዱ ጥፋት የኛ ነበር፤
ብሎን ያጠበቀው ልጅ፣ እስካሁን እኔን ሲያይ ያፍር ነበር።

የመጀመሪያው አምፖል የት ይሰቀል? ለጉባኤ ተቀመጥን፤
ቤተ ክርስቲያን ያለ አለ፣ ጤና ኬላ፤ እስኪመሽ ተጯጯህን።
ስብሰባ የማትወጣው እናቴ፣ ከኋላ ተነሣች፤
«ወደቡ ላይ» አለች።
ሌላ አልተናገረች።

አሁን ማዕበል ሲበረታ፣ ሲደፈርስ ውሃው፣
አምፖሉም አብሮ ይበረታል፤ አንድ ነው ጉልበታቸው።
ታንኳ የሚያሰጥመው ንፋስ፣ ታንኳ የሚጠራም ያው ነው።

ወፍጮው ቀን ቀን ይፈጫል። ቁንዝላ ድረስ የሚሄድ የለም።
ደብተሬ ላይ ግን አንድ መስመር እስከ ዛሬ አልተዘጋም።
ወር በገባ ቁጥር እናቴ «ስንት ቀረው?» ትለኛለች።
«ሁለት ስልቻ» እላለሁ።
ራሷን ትነቀንቃለች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ደመኛዋ ሲመጣ፣
በሯን ገርበብ ታደርጋለች፤
አትዘጋም፣
ግባም አትለው።